ላፕቶፑን በታብሌት መተካት፦ ሥራው የት ነው የሚያልቀው?

2018 ዓ.ም. በገባ በወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ኮምፒውተር ያለውን ሰው ሁሉ የሚነኩ ሁለት ነገሮች ሆኑ። መስከረም 5 ቀን አፕል አይፓድኦኤስ 26 የሚባለውን አዲሱን የአይፓድ ሥርዓት ለቀቀ። ጥቅምት 4 ቀን ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ አቆመ። የመጀመሪያው ታብሌቱን ወደ ላፕቶፕ አስጠጋው። ሁለተኛው በየቤቱና በየቢሮው ያለውን ላፕቶፕ በአንድ ቀን አስረጀው። "ላፕቶፔ ደክሟል፤ ሌላ ላፕቶፕ ከምገዛ ታብሌት ብገዛስ?" የሚለው ጥያቄ ዘንድሮ ከየአቅጣጫው የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው የብዙ ሰው የዓመት ቁጠባ የሚወስድ ስለሆነ ከማስታወቂያ የተሻለ መልስ ይገባዋል። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለ ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ የሆነውን ነገር በትክክል እንየው። አይፓድ በ2010 ሲወጣ በአንድ ጊዜ አንድ መተግበሪያ ብቻ ስክሪኑን ሞልቶ የሚታይበት ዕቃ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሁለት መተግበሪያ ጎን ለጎን ማየት ተቻለ፤ በ2022 ደግሞ ውድ በሆኑት ሞዴሎች ላይ መስኮት ማደራረብ ተጀመረ። አይፓድኦኤስ 26 ይህን አሠራር ርካሹን አይፓድ ጨምሮ ሥርዓቱን ለሚቀበሉት ሁሉ አወረደው። መስኮት ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ይደረባል፤ ከስክሪኑ አናት ላይ እንደ ማክ ያለ የሜኑ መስመር ይወርዳል፤ የፋይል ማስቀመጫውም ተሻሽሏል። በዊንዶውስ በኩል የተዘጋው ደግሞ ከ2015 ጀምሮ አሥር ዓመት ያገለገለ ሥርዓት ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና፣ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ ኤችፒ ኤሊትቡኮች፣ ዴል ላቲትዩዶችና ሌኖቮ ቲንክፓዶች ብዙዎቹ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ናቸው። ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ ሳለ ከመስፈርቱ በታች ወደቁ።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያወዳድረው ጉልበትን ነው። የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ባትሪው ይቆያል፣ የትኛው ስክሪኑ ያምራል። ይህ ክርክር አልቋል። አፕል በ2021 ማክቡክ ኤር ውስጥ የነበረውን ኤም1 ቺፕ አይፓድ ፕሮ ውስጥ አስገባ። በግንቦት 2024 ደግሞ ኤም4 ከየትኛውም ማክ ቀድሞ አይፓድ ላይ ወጣ። ታብሌቱ ጉልበት ካላነሰው፣ ለምንድን ነው ሰው አሁንም ላፕቶፑን መጣል የሚፈራው? የኔ መልስ ይህ ነው፦ ወሳኙ ነገር ሥራው የሚያልቅበት ቦታ ነው። ሥራው በባለቤቱ እጅ ላይ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ከሆነ ታብሌት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣል። ሥራው ወደ ሌላ ሰው እጅ የሚሄድ፣ ሌላ ሰው በራሱ ማሽን ከፍቶ የሚያርመው፣ የሚያትመው፣ የሚያጸድቀው ከሆነ ግን ታብሌቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ታብሌት ላፕቶፕን ይተካል የሚለው ተስፋ ራሱ ያረጀ ነው። አለን ኬይ የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ በ1972 ሕፃናት በእጃቸው ይዘው የሚማሩበት፣ እንደ ደብተር የሳሳ ኮምፒውተር ነድፎ ነበር፤ ዳይናቡክ ብሎ ሰየመው። ቢል ጌትስ በ2001 ኮምዴክስ በተባለው ዐውደ ርእይ ላይ ታብሌት ፒሲን ይዞ ቀረበና በአምስት ዓመት ውስጥ አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው የኮምፒውተር ዓይነት እሱ እንደሚሆን ተነበየ። አልሆነም። ማይክሮሶፍት በ2012 ሰርፌስ አርቲን አወጣ፤ በማግስቱ ዓመት በዚሁ ዕቃ ምክንያት 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። ቲም ኩክ በ2015 አይፓድ ፕሮ ሲወጣ ሰው ከእንግዲህ ለምን ፒሲ ይገዛል ብሎ ጠየቀ። የአይፓድ ሽያጭ ግን በዚያን ጊዜ እየወረደ ነበር፤ በ2013 የበጀት ዓመት 71 ሚሊዮን ገደማ የተሸጠው አይፓድ በ2015 ወደ 55 ሚሊዮን ወርዶ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚረባኝ ስቲቭ ጆብስ በ2010 የተናገረው ነው። አሜሪካ የገበሬ ሀገር ሳለች መኪና ሁሉ የጭነት መኪና ነበር፤ ሰው ወደ ከተማ ሲገባ የቤት መኪናው በዛ፤ ፒሲም እንደ ጭነት መኪናው ይሆናል፣ አይጠፋም፣ የሚያስፈልገው ሰው ግን ያንሳል አለ። ለእሱ ሀገር አባባሉ ብዙም አልሳተም። እኛ ሀገር ግን አይሱዙው ገና ሥራ አልፈታም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ያለ አንድ ኮምፒውተር የልጁን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአባትየውን የጨረታ ሰነድ፣ የእናትየውን የዕቁብ ሒሳብ፣ የእኅትየውን የሥራ ማመልከቻ ይጭናል። ስልኩ በየኪሱ አለ፤ መልእክቱም፣ ቪዲዮውም፣ ባንኩም እዚያ አለቀ። ከስልኩ የተረፈው ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ከባዱ ጭነት ነው። ስልክ ያለው ሰው ሁለተኛ ዕቃ ሲገዛ የሚገዛው ስልኩ ያቃተውን እንዲሠራለት ነው። ታብሌት ግን በባሕርዩ ለስልኩ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስልኩ የሚችለውን እሱም ይችላል፣ ስልኩን የሚያቅተው ብዙ ጊዜ እሱንም ያቅተዋል።

ይህን ስል ታብሌትን ማሳነሴ አይደለም። ታብሌት በኢትዮጵያ የተሳካለት ቦታ አለ፤ የተሳካለትም ሥራው እጅ ላይ የሚያልቅ ስለሆነ ነው። በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ባልነበረባቸው ሁለት የገጠር መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ፣ በእያንዳንዱ ሃያ ለሚሆኑ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ሰጠ። አስተማሪ አልተመደበም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ ካርቶኑን ራሳቸው ከፍተው አበሩት፤ በወራት ውስጥም ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ሥርዓቱን ነካክተው ከፈቱት። በስሙ ላፕቶፕ የሚል ድርጅት ለእነዚያ ልጆች ታብሌትን መምረጡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ጣት ይበቃዋል፤ የሚማረውን ለማንም አያስረክብም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም እንዲሁ። በየቤቱ እየዞረች የእናቶችንና የሕፃናትን ክትትል የምትመዘግብበት የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት የሚሠራው በታብሌት ነው። ቆማ ትመዘግባለች፣ ቁልፍ ነክታ ታስተላልፋለች፤ ቅጹ ቀድሞ ተሠርቶ የተሰጣት ነው። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ ታብሌቶች የተገዙትም ለዚሁ ዓይነት ሥራ ነበር። ቆጠራው በተደጋጋሚ ተራዘመና ሳይካሄድ ቀረ እንጂ፣ ቤት ለቤት ለሚሄድ ቆጣሪ ላፕቶፕ ማሸከም የሚያስብ ሰው አይኖርም። ነገር ግን ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች፣ የተሰበሰበውንም አጽድተው ሠንጠረዥ የሚያወጡት ሰዎች ታብሌት ላይ አይሠሩም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ታብሌቱ ይሰበስባል፣ ኮምፒውተሩ ያዘጋጃል።

ማንበብ ሌላው ነው። ንባብን በተመለከተ ለታብሌት ሙሉ ድምፄን እሰጣለሁ። በ1970ዎቹ ዓመታት የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ያነሣቸውን በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ብዙዎቹን ዛሬ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት በበይነ መረብ በነጻ ያሳያል። የድጓ ምልክት ወይም በኅዳግ ላይ በቀጭን ብዕር የተጻፈ ማስታወሻ በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ሲታይ አንገት ያሳምማል። ታብሌቱን ጭን ላይ አስቀምጦ፣ ገጹን በሁለት ጣት ከፍቶ፣ ቀይ ቀለሙ ከጥቁሩ እስከሚለይበት ቦታ ድረስ መግባት ግን መጽሐፉን ወደ ዐይን እንደማስጠጋት ነው። ለዐይናቸው ትልቅ ፊደል ለሚፈልጉ አረጋውያን፣ የሕክምና ምስል ለሚያይ ሐኪም፣ ንድፍ ለሚነድፍ ሠዓሊ፣ የተማሪ ወረቀት በብዕር ለሚያርም መምህር ከላፕቶፕ ይልቅ ታብሌት የተሻለ ዕቃ ነው። እነዚህ ሰዎች ላፕቶፕ ይዘው ሲቸገሩ ማየት ራሱ ያሳዝናል።

ችግሩ የሚጀምረው ሥራው በር ሲወጣ ነው። በቅርቡ ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበረው ወጣት የማስተርስ ጽሑፉን ሊያሳትም ታብሌት ይዞ መጥቶ ነበር። "ፋይሉን በቴሌግራም ላክልኝ ወንድሜ" አለችው በኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ልጅ። ላከላት። በእሷ ኮምፒውተር ሲከፈት ማውጫው ላይ በገጽ ቁጥሩ ፈንታ ስሕተት የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ተደርድሯል፣ የአማርኛው አባሪ ፊደል ተቀይሮ መስመሩ ተንሸራቷል፣ ሰፊው ሠንጠረዥም ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ወጥቷል። "እኔ ጋ ትክክል ነበር እኮ እህቴ" እያለ ስክሪኑን ያሳያታል። እውነቱን ነው፤ እሱ ጋ ትክክል ነበር። ልጅቷ ማውጫውን እንደገና ሠራችለት፣ ሠንጠረዡን ወርዱን አዙራ አስተካከለችለት፣ የገጽ ቁጥሩን ከመግቢያው ለየችለት፤ ለዚህም አስከፈለችው። ወጣቱ ላፕቶፕ ሳይገዛ ቀርቶ ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል። የሆነው ግን የሥራው የመጨረሻና ወሳኝ ክፍል ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር መዛወሩ ነው፤ ነገ አማካሪው "ምዕራፍ አራትን አስተካክል" ሲለው እዚያው ወረፋ ላይ ይመለሳል።

ይህ የወጣቱ ድክመት አይደለም፤ በታብሌት የሚሠራው ወርድ እና በኮምፒውተር የሚሠራው ወርድ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አቅማቸው አንድ አይደለም። ማይክሮሶፍት በታብሌት ላይ ጽሑፍ ማረምን በነጻ የሚፈቅደው ስክሪኑ 10.1 ኢንች ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ የዛሬው ተራ አይፓድ ከዚያ ስለሚበልጥ የደንበኝነት ክፍያ ይጠይቃል። በአይፓድ የሚሠራው ኤክሴል ማክሮ አያሠራም፤ የደመወዝ መክፈያው በማክሮ የተሠራ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ፋይሉን ከፍቶ ያየዋል እንጂ አያንቀሳቅሰውም። የማጣቀሻ ማደራጃው ዞቴሮ የታብሌት መተግበሪያ አለው፤ ወርድ ውስጥ ገብቶ የማጣቀሻ ዝርዝር የሚሠራው ተጨማሪው ግን ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ በታብሌት የለም። የካርታ ሥራ ፕሮግራሙ አርክጂአይኤስ ፕሮ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። አውቶካድ በታብሌት ንድፍ ያሳያል፣ ቀላል እርማትም ይቀበላል፤ ሙሉው ሥራ ግን የኮምፒውተር ነው። የሀገራችንን የሒሳብ ሠራተኞች ደግሞ አንድ ስም ይበቃቸዋል፦ ፒችትሪ። የሒሳብ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው፣ የሥራ ማስታወቂያው የሚጠይቀው፣ ኦዲተሩ የሚቀበለው እሱ ነው፤ የሚሠራውም በዊንዶውስ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘጋ።

አማርኛው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በውጭ ሀገር የሚጻፉ ማወዳደሪያዎች አንዳቸውም አያነሡትም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚጻፍ አማርኛ በየትኛውም ዕቃ ላይ ይነበባል። ነገር ግን ከዚያ በፊትና ከዚያም ብዙ ዓመት በኋላ መሥሪያ ቤቶቻችን በቪዥዋል ግዕዝና በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ሲጽፉ ኖረዋል። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈት "አዲስ አበባ" በሚለው ቦታ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ይወጣል። የድሮ ውል፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሬት ደብዳቤ እንዲህ ሆኖ የተቀመጠበት ስንት ፍላሽ አለ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ፊደሉን ጭኖ ያነበዋል፣ መለወጫ ፕሮግራም ፈልጎ ወደ ዩኒኮድ ይቀይረዋል። ታብሌት የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ያን ዝብርቅርቅ እያየ ይቀመጣል።

አጻጻፉም ላይ ነገር አለ። ከስክሪን ላይ በጣት አማርኛ መጻፍ ለአጭር መልእክት ችግር የለውም፤ ጂቦርድም፣ ኪማንም፣ ሌሎችም አሉ። አሥር ገጽ ለመጻፍ ግን እውነተኛ ኪቦርድ ያስፈልጋል። ሰው ታብሌቱን ከነኪቦርዱ የሚገዛውም ለዚህ ነው። አይፓድ ላይ ግን ከአፕል ውጭ ያለ ድርጅት የሠራው የፊደል መጻፊያ በመደበኛው አሠራር የሚያገለግለው ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው፤ ኪቦርድ ሲገጠም ከቁልፎቹ የሚመጣውን አይቀበልም። በኮምፒውተር ላይ "ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም" ብሎ መትቶ ሰላም የሚለውን ማውጣት የለመደ እጅ፣ ያን ልማዱን ይዞ ወደ አይፓድ ሲሄድ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ብቻ ሊሆንበት ይችላል። በአንድሮይድ ታብሌት ደግሞ እንደ ሞዴሉና እንደ መተግበሪያው ይለያያል። ስለዚህ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩ ፊት ኪቦርዱን አስገጥሞ፣ የሚጠቀምበትን መጻፊያ ጭኖ፣ አንድ ሙሉ አንቀጽ መጻፍ አለበት። ሻጩ ቢቸኩል ሌላ ሻጭ አለ።

ትምህርት ቤቶች ይህን ጥያቄ በብዙ ገንዘብ ሞክረውታል። የሎስ አንጀለስ የትምህርት ቢሮ በ2013 ለእያንዳንዱ ተማሪ አይፓድ ለመስጠት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የተገመተ ዕቅድ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የተጣለውን ገደብ አለፉት፤ ለአዲሱ የኮምፒውተር ፈተና ኪቦርድ ለብቻው መግዛት እንደሚያስፈልግም ታወቀ፤ በ2014 ውሉ ተቋረጠ። ሜይን በተባለችው የአሜሪካ ግዛት ደግሞ በ2016 ከፍ ያሉ ክፍሎች መምህራንና ተማሪዎች ሲጠየቁ በብዛት ላፕቶፕን መረጡ፤ አፕልም አይፓዳቸውን መልሰው በማክቡክ እንዲቀይሩ ዕድል ሰጠ። ልብ መባል ያለበት በዚያው ግዛት በትናንሾቹ ክፍሎች አይፓዱ ተወዳጅ መሆኑ ነው። ልጁ ከማንበብ ወደ መጻፍ፣ ከመልመድ ወደ ማስረከብ ሲሸጋገር ዕቃውም አብሮ መሸጋገር ነበረበት። እኛም ዘንድ ኮቪድ ያዘገየውን የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ለመስጠት ታስቦ፣ ታብሌቶቹ በጊዜው ዝግጁ ባለመሆናቸው በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጠ። በ2016 ዓ.ም. በበይነ መረብ መስጠት ሲጀመር ተማሪዎች የተቀመጡት ኮምፒውተር ፊት ነው። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ማውስ ይዞ ሕይወቱን የሚወስን ፈተና እንዲፈተን ማድረግ ያሳስበኛል። ይህም ለወላጅ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው፤ ልጁ የሚፈተንበትንና የሚቀጠርበትን ዕቃ አስቀድሞ ይልመድ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ታብሌት ርካሽ ነው የሚባለው ለብቻው ሲታይ ነው። በ2025 የወጣው ተራው አይፓድ በአሜሪካ ዋጋ 349 ዶላር ነው። አፕል ለእሱ የሚሸጠው ኪቦርድ 249፣ ርካሹ እርሳስ 79 ዶላር ነው። ድምሩ 677 ይሆናል። ዶላሩን በ150 ብር እንኳ ብናስበው ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር ከ100 ሺህ ብር ያልፋል። ላይኛው ሞዴል ሲሆን ነገሩ ይብሳል፦ 13 ኢንቹ አይፓድ ፕሮ 1,299 ዶላር፣ ኪቦርዱ 349፣ በድምሩ 1,648፤ በዚያው ዓመት የወጣው ማክቡክ ኤር ግን ከነኪቦርዱ 999 ነበር። ክብደታቸውን ቢመዝኑት ኪቦርድ የለበሰው አይፓድ ፕሮና ማክቡክ ኤር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ቀለል ይለኛል ብሎ የገዛ ሰው ላፕቶፕ የሚያህል ዕቃ ተሸክሞ ይገኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያን ጊዜ ተሳስቶ መግዛትና ዛሬ ተሳስቶ መግዛት አንድ አይደለም።

ዕቃው ሲበላሽስ? ያገለገለ ኤሊትቡክ ወይም ቲንክፓድ አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም የሚጠግነው ሰው አለ። ባትሪው ይቀየራል፣ ራሙ ይጨመራል፣ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ኤስኤስዲ ይገባለታል፤ ስክሪኑ ቢሰበር ከሌላ ማሽን ወጥቶ ይገጠማል። ታብሌት በሙጫ የታሸገ ነው። ባትሪው ሲደክም መክፈቱ ራሱ ስክሪኑን የመስበር አደጋ አለው፤ ማኅደረ ትውስታው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም፤ ቦርዱ ሲሞት ውስጡ ያለውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሞታል። በሌላ በኩል መብራት ሲጠፋ ታብሌቱ ይበልጣል። ባትሪው ቀኑን ይዘልቃል፣ በፓወር ባንክ ይሞላል፣ ሲም ካርድ የሚቀበለው ከሆነ ዋይፋይ ባይኖርም መሥመር ላይ ይቆያል። ገጠር ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለእሱ ሚዛኑን ወደ ታብሌት ሊያደፋው ይችላል።

ዊንዶውስ 10 የተዘጋበት ሰው ግን ከመግዛቱ በፊት ያለውን ማሽን ይመርምር። ማሽኑ ጥቅምት 4 ቀን አልሞተም፤ የቆመው የደኅንነት ዝማኔው ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ ዝማኔ አዘጋጅቷል። ዲስኩ አሮጌ ከሆነ ኤስኤስዲ ማስገባት ማሽኑን በእጅጉ ያነቃዋል። ሥራው በበይነ መረብና በጽሑፍ ብቻ የሚያልቅ ሰው ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን በነጻ ጭኖ ዓመታት ሊገለገልበት ይችላል፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ፒችትሪና ኤስፒኤስኤስ የሚፈልግ ደግሞ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ይፈልግ፤ ሻጩ "አይ ሰቨን ነው" ሲለው አይርካ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ያንብብ። 6 ወይም 7 ብሎ ከጀመረ ትውልዱ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ነው፤ 8 ብሎ ከጀመረ ስምንተኛ ነው። ዛሬ ሰባተኛ ትውልድ በስምንተኛ ዋጋ እየገዙ የሚሄዱ ሰዎች አሉ።

እንደ ሰርፌስ ፕሮ ያሉት፣ ኪቦርዳቸው የሚነቀልና ሙሉ ዊንዶውስ የሚሠራባቸው ዕቃዎች መካከለኛ መንገድ ናቸው። ዋጋቸው ይከብዳል፣ ጥገናቸውም እንደ ታብሌት አስቸጋሪ ነው፤ ግን ሶፍትዌሩ ብዙም ስለማይጎድልባቸው ገንዘብ ላለውና ብዙ ለሚንቀሳቀስ ሰው እመክራቸዋለሁ። ሳምሰንግ በታብሌቶቹ ላይ ያስገባው ዴክስ የኮምፒውተር መልክ ይሰጣል፤ ከመልኩ በስተጀርባ ያሉት መተግበሪያዎች ግን የአንድሮይድ ናቸው፤ ስለዚህ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይመለከተዋል።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። አንድ ዕቃ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን በታብሌት አይተካ፤ አዲስ መግዛት ካቃተው በታብሌቱ ገንዘብ ጥሩ ያገለገለ ላፕቶፕ ይግዛ። የሒሳብ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ፣ የቢሮ ጸሐፊ፣ ተመራማሪም እንዲሁ። ከተግባቦትና ከንባብ ውጭ ኮምፒውተር የማይነካ ሰው፣ ጡረታ የወጡ አባትና እናት፣ ፊደል የሚማር ልጅ፣ መስክ ላይ መረጃ የሚሰበስብ ባለሙያ፣ ሠዓሊ ያለ ስጋት ታብሌት ይያዙ፤ ላፕቶፑም አይናፍቃቸውም። የሚከብደው የመካከለኞቹ ነው፦ የግል ንግድ ያለው፣ በወር አንዴ ደረሰኝና ጨረታ የሚያዘጋጅ፣ የቀረውን ጊዜ በስልክ የሚኖር ሰው። እሱ አሮጌውን ላፕቶፕ ሳይሸጥ ታብሌቱን ይግዛና ሦስት ወር ያህል ይመልከተው። ላፕቶፑ አቧራ ከለበሰ መልሱን አገኘ። በየወሩ መጨረሻ እያነሣ የሚከፍተው ከሆነ ግን አይሽጠው።

በመጨረሻ ከውጭ ለሚልኩ ዘመዶች አንድ ነገር አለኝ። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ ለበዓል የሚመጣው ስጦታ እየበዛ ያለው ታብሌት ነው፤ ለመያዝ ይቀላል፣ ሻንጣ አይሞላም። ከመግዛታችሁ በፊት የሚቀበለው ሰው ምን እንደሚሠራበት ጠይቁት፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወንድም ከሆነ ሁለት ዓመት የተጠቀማችሁበት ላፕቶፕ ከአዲስ አይፓድ ይበልጥበታል። እናንተ ስትገለገሉበት የነበረውን አይፓድ የምትሰጡ ከሆነም፣ ከእጃችሁ ሳይወጣ የአፕል የይለፍ ቃላችሁን አስገብታችሁ የጠፋ ዕቃ ፈላጊውን (ፋይንድ ማይ) አጥፉ፣ ከአፕል አካውንታችሁ ውጡ፣ ከዚያ ሁሉን ደምስሳችሁ እንደ አዲስ አስነሡት። ይህ ካልተደረገ ተቀባዩ ሲያበራው የእናንተን የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል፤ እናንተ ያን ጊዜ ወይ አውሮፕላን ላይ ናችሁ ወይ የይለፍ ቃሉን ረስታችሁታል። ገበያ ውስጥ "አይክላውድ ያለበት" እየተባሉ በርካሽ የሚሸጡት አይፓዶች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ከመለዋወጫነት በቀር የሚሰጡት ጥቅም የለም፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዟቸው።